የማን በዓል ይቀነስ?

ሰው ሥራ ሲያደክመው ያርፋል። እኔን ያደከመኝ ዕረፍቱ ነው፤ ታዲያ የት ሄጄ ልረፍ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የሚባል ነገር የለኝም፤ በዓል ግን ጡረታ አያውቅም። አንዱን በወጉ ሳንሸኝ፣ የተረፈው ወጥ ሳያልቅ፣ ቄጤማው ከሶፋው ሥር ተጠርጎ ሳይወጣ፣ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ትልና «አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት ሳይወደድ ገበያ ውረድ እንጂ!» ትለኛለች። ሽንኩርት ያልተወደደበት ጊዜ መቼ ነበር ብዬ ብጠይቃት «በል ነገር አታብዛ» ነው መልሷ።

እስቲ ቁጠሩልኝ። እንቁጣጣሽ አለ። መስቀል አለ። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ አሉ። መውሊድ፣ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋ አሉ። ዓድዋ አለ፣ የላብ አደሩ ቀን አለ፣ የአርበኞች ቀን አለ። ይሄ እንግዲህ ሕጉ የሚያውቀው ነው። የባለቤቴ ካላንደር ደግሞ ሌላ ነው። በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። በእነዚህ ቀናት ልብስ አታጥብም፣ መርፌ አትነካም። እኔን እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት መላክ ግን የተከለከለ ሥራ ውስጥ አልተቆጠረላትም።

ሥራ ዘጋም አልዘጋም፣ በዓል ደግሞ መንገድ ይዘጋል። ደመራው፣ ኢሬቻው፣ የዒድ ሶላቱ፣ ታቦት ማውጣቱና ታቦት ማስገባቱ፣ ሁሉም መንገድ ይፈልጋል። እኔም መንገድ እፈልጋለሁ፤ የደም ግፊት መድኃኒቴ ያለው ከመስቀል አደባባይ ማዶ ነው። «ዛሬ አይታለፍም አባት» ይሉኛል፤ ደሜ ግን በዓል ነው ብሎ ሲወርድ አላየሁም።

እሺ፣ መብዛቱንስ ልቻለው። ቀኑን አውቄ እንዳልቸገር የሚያደርገኝ ግን ማነው? የቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ካላንደር ተሰቅሏል፤ ሁለቱም አይበቁኝም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ እንደ ልቡ ሲንሸራሸር ይኖራል፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ ካልነገረኝ በግ መቼ እንደምገዛ በምን ልወቀው? ገና ይሻላል፣ ታኅሣሥ 29 ላይ ተተክሏል ስትሉ፣ እሱም ዘመነ ዮሐንስ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ሸርተት ብሎ 28 ላይ ይውላል። የሙስሊሙ ዓመት ደግሞ ከእኛው አሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ በዓሎቹ በየዓመቱ ወደፊት እየቀደሙ ክረምትና በጋውን ይዞሩታል። በ2009 ዓ.ም. አረፋ መስከረም 2 ቀን ውሎ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ነሐሴ 26 ቀን ተመልሶ መጣ። በአንድ ዓመት ሁለት አረፋ! ጎረቤቴ ሐጂ ሁለት ጊዜ በግ ገዙ። «ሐጂ፣ ዘንድሮ ለእርስዎም ከበደ አይደል?» ብላቸው፣ «የእናንተ ጳጉሜስ ምን ልትሠራ መጣች?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

የሚያናድደኝ ግን የዋዜማው ነገር ነው። የረመዳን መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ አመሻለሁ። ጨረቃ ከታየች ነገ፣ ካልታየች ከነገ ወዲያ። አንድ ጉዳይ የያዘብኝ መሥሪያ ቤት «ነገ ጠዋት ይምጡ» ብሎ ቀጥሮኝ፣ ጨረቃዋ ማታ ታየችና ጠዋት ከተዘጋ በር ጋር ተፋጠጥኩ። ሐጂን መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ «ይቺ ጨረቃችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላ ብትነግረን ምን አለበት?» አልኳቸው። «ጋሼ፣ እኔስ መች ነግራኝ ታውቃለች!» አሉኝ፤ ይባስ ብለው ለቁርስ ይዘውኝ ገቡ። የተቆጣ ሰው ቴምር አፉ ውስጥ ሲከቱበት ምን ይናገራል?

በጨረቃ ከተማረርኩ በቤተ መንግሥት ምን ልሆን ነው? ጨረቃስ የምትዘዋወረው በሥርዓት ነው፤ አዋቂ ያሰላታል። የቤተ መንግሥቱን በዓል ማን ያሰላዋል? እኔ ልጅ ሳለሁ ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት ነበር፣ ጥቅምት 23 ደግሞ ዘውድ የጫኑበት። ክረምት የለ በጋ፣ ተሰልፈን ዘምረናል። ጎረምሳ ስሆን ሁለቱም እንደ ጤዛ ረገፉና መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆነ። የእንቁጣጣሽ ዶሮ ከሆዳችን ሳይወርድ በማግስቱ ቀበሌ ስም እየጠራ አደባባይ ያስወጣን ነበር። በዓል ቀረህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። እሱም ሄደ፤ ግንቦት 20 መጣ፤ አበባ ተቀመጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ስንት ዓመት ሥራ ተዘጋ። ዛሬ እሱም ከዝርዝሩ ወጥቷል። የእኔ ትውልድ ሰው የተወለደበትን ቀን ሊረሳ ይችላል፤ መንግሥታት የተወለዱበትን ግን እየሸመደደ እየረሳ፣ እየሸመደደ እየረሳ ነው ያረጀው።

ሚያዝያ 27ን እንኳ አልማሯትም። ጠላት በ1928 አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነው፤ ጃንሆይ በ1933 ከስደት ተመልሰው የገቡትም ልክ በአምስት ዓመቱ በዚያው ቀን ነው። ደርግ መጣና የንጉሡ ስም አለበት ብሎ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። አስቡት፤ አራት ኪሎ ያለው ሐውልት ባለበት ቆሞ በዓሉ ቤት ለቀቀ! ኋላ ተመለሰ እንጂ። አርበኞቹ የአንበሳ ጎፈሬያቸውን ደፍተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ለመምጣት የትኛውን ቀን ይያዙ? ይሄን ሁሉ ያየ ሰው ጨረቃን ቢያማ ግፍ ነው። መስከረም 2ም ብትሆን በ2009 አረፋ ሲያርፍባት አየሁና ሳቄ መጣ። ቀበሌ ስም ሳይጠራ፣ ስታዲየሙ ዙሪያ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሞላው።

ሚያዝያ ሲመጣ ደግሞ በዓላቱ ተመካክረው የሚዘምቱብኝ ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ 22 ስቅለት ነበር፤ በማግስቱ 23 የላብ አደሩ ቀን፤ በማግስቱ 24 ፋሲካ፤ 27 የአርበኞች ቀን፤ ግንቦት 5 ዒድ አልፈጥር። ላብ አደሩ ቀኑን ያከበረው አርብ ሰግዶ፣ ለእሁድ በግ እየጎተተ ነው። በዓመቱ ሚያዝያ 16 ፋሲካ፣ 23 ላብ አደር፣ 24 ዒድ፣ 27 አርበኞች። ቀኑ እሁድ ላይ ሲወድቅ ደግሞ «ሰኞን እንካችሁ» የሚል የለም፤ እንደ ወደቀ ይቀራል። ይሄን አገር ዕረፍት ያበዛል ብለው የሚያሙት ሰዎች ስንቱ በዓል ቅዳሜና እሁድ ላይ እንደሚባክን ቆጥረው አያውቁም።

ጾሙንም አትርሱ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ የካቲት 22፣ ረመዳን ገባ፤ በማግስቱ ዓድዋ። ዓድዋን ያከበርነው እኔም ሐጂም ሆዳችን ባዶ ሆኖ ነው። በእኛ ግቢ ጾም የማይነካው አማቼ ብቻ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እኔ በሽሮ ስከርም እሱ ጥብሱን ይጠብሳል፤ ሽታው በመስኮት ይመጣል። ፋሲካ ለት ግን ቀድሞኝ ገበታ ላይ ይገኛል፤ የዶሮዋን ፈረሰኛ ዓይኑን ሳያሽ ያነሳል። «አንተ ከምን ፈትተህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ከእርስዎ ቁጣ፣ አባባ» አለኝ። ልጅቷን ባልሰጠው ኖሮ መልሱን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ወደ ገበያው እንምጣ፤ ቁስሌ እዚያ ነው። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ድሮ አንድ ዶሮ ሲገዛ ወግ ነበረው። ክንፏን አንሥተህ ታያለህ፣ ደረቷን በጣትህ ዳበስ ታደርጋለህ፣ ላባዋን እፍ ብለህ የቆዳዋን ቢጫነት ትመለከታለህ፣ በእጅህ ሰቅለህ ትመዝናለህ፤ ከዚያ ትከራከራለህ። ባለፈው ላባውን እፍ ስል ሻጩ ጎረምሳ ዶሮውን ከእጄ ነጠቀኝ። «አባባ፣ እፍታ አልሸጥም፤ ዶሮ ነው የምሸጠው!» ከሺህ ብር በላይ ጠርቶ እፍ ማለት ከለከለኝ። ይዤው የገባሁት ዶሮ ደግሞ ባለቤቴ ስትገነጥለው አሥራ ሁለቱ ብልት በግድ ነው የወጣለት፤ «ይሄስ ከእኛ በላይ የጾመ ነው» አለች።

ነጋዴው ግን አድልዎ የለበትም፤ እመሰክርለታለሁ። ለእንቁጣጣሽ ዋጋ ይጨምራል፣ ለመውሊድ ይጨምራል፣ ለገና ይጨምራል፣ ለዒድ ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ሽንኩርትና ሃይማኖት ግን አንድ ላይ ታስረዋል። ዩኔስኮም እያመጣ ይመዘግብልናል፤ መስቀልን መዘገበ፣ የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ መዘገበ፣ ጥምቀትን መዘገበ፣ የሐረርን ሹዋሊድ መዘገበ። ደስ ይላል። የመዘገበው በዓሉን እንጂ የቅቤውን ዋጋ አይደለም፤ እሱን የሚመዘግበው የእኔ ኪስ ነው።

ወጪው ደግሞ በአንድ ቤት አይቆምም፤ ምክንያቱም ሐጂ አሉ። የክርስቲያንና የእስላም እርድ አይገናኝም፤ ስለዚህ በእኛ በዓል የሐጂ ዶሮ ለብቻዋ ትገዛለች። የሐጂ ልጅ መጥቶ ይባርካታል፤ መደርደሪያው ላይ የእኛ ሥጋ ነክቷት የማታውቅ የሐጂ ድስት አለች፣ ወጡ በእሷ ይሠራል። ባለቤቴ ያቺን ድስት የምትጠብቃትን ያህል የጋብቻ ወረቀታችንን አልጠበቀችም። በእነሱ በዓል ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ዶሮው ተገዝቶ ይቆየኝና ለመባረክ እጠራለሁ። ዘንድሮ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «በስመ አብ» ብዬ ቢላውን ሳነሣ ዶሮው ከእግሬ ሥር አምልጦ ግቢውን ዞረው። የሐጂ ልጆች በሙሉ ተነሥተው ማሳደድ ሆነ። ሐጂ በረንዳው ላይ ቆመው በሙሉ ድምፃቸው ይጮኻሉ፦ «ያዙላቸው! ያዙላቸው እንጂ ቢላ እንዳትነኩ! ኋላ ለጋሼ አይሆንም!» ዒዳቸው በእኛ ጾም ሲውልም ያውቁበታል፤ የምስር ሳምቡሳው ለብቻው ተጠብሶ ይመጣል። እምቢ ብዬ ለማኩረፍ የሚመች ጎረቤት እንኳ አልሰጠኝም።

የዛሬ ልጆች ግን በዓሉን አልጋ ላይ ነው የሚያከብሩት። ፋሲካ ለት የልጅ ልጄ እኩለ ቀን ላይ ተነሥቶ «ምን ተሠርቷል?» ይላል። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል፦ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የሻማና የአበባ ሥዕል። አንዱ የላከልኝን ሌላው ይልከዋል፤ ያንኑ ሥዕል ከአምስት ሰው ከተቀበልኩ በኋላ እኔው የላክሁት መስሎኝ እደነግጣለሁ። አሜሪካ ያለው ልጄ ደግሞ በፈረንጆቹ ገና ይደውልና «አባዬ፣ እንኳን አደረሰህ!» ይለኛል። እኔ በነቢያት ጾም ላይ ነኝ፣ ጎመን ፊቴ ቀርቧል። የእኛ ገና ሲደርስ እሱ ሥራ ላይ ነው። ደመራውንም በአቅራቢያው ያለ ቅዳሜ ላይ ነው የሚለኩሱት አሉ፤ አለቃው መስቀልን አያውቃትማ።

ይሄን ሁሉ ምሬት አንድ ቀን ቡና ላይ ሳራግፍ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ የዘመድ ልጅ ተቀምጦ ነበር። «ልክ ነዎት አባባ» አለኝ፤ «በዓላቱ በዝተዋል፣ ምርት ይጎዳል፣ መቀነስ አለባቸው።» እሰይ፣ የሚያዝንልኝ አገኘሁ አልኩ። «የትኛው ይቀነስ?» አልኩት። እሱ የአርበኞቹንና የላብ አደሩን አለ። ባለቤቴ ጀበናዋን አስቀምጣ፣ የአርበኛ ልጅ ነኝና የአባቴ ቀን አይነካም፣ መውሊድ ግን ለእኛ ምናችን ነው አለች። አማቼ ከስቅለትና ከጥምቀት አንዱ ቢቀርስ አለ። ሠራተኛችን ከማጀት ሆና፣ የላብ አደሩን ቀን የነካ ቡናውን ራሱ ያፍላ አለች። ሐጂ ዝም ብለው ስኒያቸውን ያማስላሉ። «ሐጂስ ምን ይላሉ?» ስላቸው፣ «እኔ እንኳ መቀነሱን አልጠላም ነበር፤ ግን የሁላችሁም እጅ የሌላውን ኪስ ነው የሚዳብሰው» አሉ።

ጸጥ አልን። ሐጂ የሚናገሩትን ያውቃሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም እኩልነት ይሰጠን ብሎ ሰልፍ ሲወጣ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን የአገሪቱ በዓላት ይሁኑ የሚል ነበር። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። እስከዚያ ድረስ ሐጂ በዒድ ቀን ሶላታቸውን ሰግደው በሩጫ ሥራ ይገቡ ነበር፤ የእኔን ገና ግን ሥራ ዘግተው ያከብሩልኛል። ሦስቱ በዓላት በሕግ የታወቁት በ1967 ነው። እንግዲህ «መውሊድ ይቀነስ» የሚል ሰው፣ ሐጂ መጨረሻ የገቡበትን በር መጀመሪያ ሊዘጋባቸው ነው። የዘመዴ ልጅ ምርት ይላል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልንገረው፦ ከበዓል ይልቅ ሥራ የሚያስፈታው ስብሰባ ነው። በበዓል ቀን ቢያንስ ሰው ይበላል።

ስለዚህ አቤቱታዬን ለሚመለከተው ሁሉ አቀርባለሁ። ለነጋዴው፦ ዶሮውን እፍ ልበልበት፤ በሺህ ብር ላይ ትንፋሽ አታስከፍለኝ። ለልጆቹ፦ ሥዕሉን ተዉትና በእግራችሁ ኑ፤ ካልቻላችሁ ደውሉ፣ ድምፃችሁን ልስማ። ለመንግሥት፣ ለአሁኑም ለሚመጣውም፦ አዲስ በዓል መጨመር ካማራችሁ፣ የሚተካችሁ ሰው ያከብረው እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ፤ እኛ ሸምድዶ መርሳት ደክሞናል። ለዘመዴ ልጅና ለመሰሎቹ፦ በዓል ይቀነስ የምትሉ መጀመሪያ የራሳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የሌላውን በዓል ማጠፍ ቁጠባ አይባልም።

እኔ ማማረሬን አልተውም፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው? በዓሎቼን ግን አንዱንም አትንኩብኝ፤ የሐጂንም ጨምሬ ነው። እናንተም የጎረቤታችሁ በዓል ሲደርስ በር አንኳኩ። በግ ባትችሉ ሁለት ኪሎ ስኳር ያዙ፤ ባዶ እጅ ነውር ነው።